መልስ፦ የ1950ዎቹን የሱፕሮ ላፕ ስቲል ፒክአፕ ልቀይር ወይ?

ወንድሜ፣ እባክህ የሱፕሮ ብራንድ ላፕ ስቲልህን (ጭን ላይ አጋድመው በብረት ዘንግ የሚጫወቱትን የኤሌክትሪክ ጊታር) ፒክአፕ፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል፣ አትንካው! ድምፁ ደከመ፣ ይንጫጫል ብለህ በአዲስ ልትቀይረውና ገላውንም ቀለም ልትቀባው አስበሃል። የዚህ ጊታር ትልቁ ሀብት እኮ ክሮቹ በመሃሉ የሚያልፉበት ያ ፒክአፕ ነው። አሜሪካዊው ጊታሪስት ራይ ኩደር የሱፕሮ ላፕ ስቲል ፒክአፕ አውጥቶ ስትራቶካስተር የተባለው የኤሌክትሪክ ጊታሩ ላይ ከገጠመ ወዲህ ስንቱ ጤነኛ ላፕ ስቲል ለፒክአፑ ሲባል ተበታትኗል፣ ያሳዝናል።

መጀመሪያ የድምፅ ማዞሪያዎቹን በኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ በሚያጸዳ ስፕሬይ) አጽዳ፣ ደጋግመህ አዟዙራቸው። መንጫጫቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ወይም ከጃኩ (ገመዱ ከሚሰካበት ቀዳዳ) ነው። ከዚያ የፒክአፑን ሁለት ሽቦዎች ከማዞሪያው ነቅለህ ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለካ። ጥቂት ሺህ ኦም ካሳየህ ጤነኛ ነው። ምንም ካላነበበ ግን የውስጡ ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው፣ ያኔም ቢሆን ሽቦውን እንደገና ለሚጠቀልል ባለሙያ ስጠው እንጂ አትጣለው። የምድር ሽቦው ከብሪጁ (ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት) ጋር መገናኘቱንም እይ።

ማዞሪያዎቹን ስትከፍት ጀርባቸው ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ። ለምሳሌ 304538 ቢል 304 ስታክፖል የተባለው አምራች ነው፣ 5 የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ (ለአንተ ጊታር በፈረንጆቹ 1955)፣ 38 ደግሞ ሳምንቱ። ጊታሩ ከዚያ በፊት አልተሠራም ማለት ነው።

ቀለሙን ተወው፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። መቀየር ካማረህ ቅኝቱን ቀይር፦ ሲ6 የሚባለውን ሞክር፣ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ። ለዚህ ቅኝት የተዘጋጀ የክር ስብስብ ግዛ፣ የተራ ጊታር ክር አይሆንም። የምታወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ፣ ብሎን ሳይቀር፣ በላስቲክ አስቀምጥ።