ስለ አጋዘን ጉዞ ለጠየቃችሁኝ

ስለ አጋዘን የወቅት ጉዞ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ አላሳፈራችሁኝም። አንድ ነገር ላስቀድም፦ እዚህ አጋዘን የምለው ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ የሚያበቅለውን ነው። ድኩላና ሚዳቋ ቀንዳቸውን ስለማይጥሉ ለዛሬ ይለፉን።

ከተራራ የሚወርዱት ብርዱን ሸሽተው ነው?

ብርዱን እንኳ ፀጉራቸው ይችለዋል። ችግሩ እግርና ሆድ ነው። በረዶው ሲቆለል ምግቡ ይቀበራል፤ እያንዳንዱ እርምጃም ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ ወደ ቆላው ይወርዳሉ።

ሲመለሱ ግን አይቸኩሉም። ለጋ ሣር ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይፈጫል። ከበሰለ በኋላ ገለባ ይሆናል። በረዶው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ስለሚቀልጥ ለጋው ሣርም ተራራውን ቀስ እያለ ይወጣል። እነሱም ከኋላው እየጋጡ ይከተሉታል።

ሁሉም ይሄዳሉ?

የለም። ከአንድ መንጋ ገሚሱ ሄዶ ገሚሱ ይቀራል።

ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ?

ለብዙዎቹ ከተራራው ወርዶ መውጣት ነው፣ በቃ። ጉደኛው ጆሮው የበቅሎ የሚመስለው የአሜሪካ አጋዘን ነው። ዋዮሚንግ በተባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ሬድ ደዘርት ከሚባለው በረሃ እስከ ሆባክ አካባቢ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄዱ አሉ፤ መሄጃው ብቻ! ቁጥር 255 የተባለች እንስት ደግሞ አንገቷ ላይ መከታተያ ታስሮላት 390 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ጎረቤት ግዛት አይዳሆ ገብታለች።

መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?

ይህን የጠየቀ ይባረክ። እናት ናት። ግልገሉ በመጀመሪያ ዓመቱ ኮቴዋን እየተከተለ ይማራል።

በጀርመንና በያኔዋ ቼኮዝሎቫኪያ ድንበር የኤሌክትሪክ አጥር ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1989 በኋላ ተነሳ። ተመራማሪዎች ከ20 ዓመት በላይ ቆይተው ቀይ አጋዘኖችን ሲከታተሉ፣ አብዛኞቹ ድሮ አጥሩ የነበረበት ጋ ደርሰው ይመለሱ ነበር። አጥሩን ግን አንዳቸውም በዓይናቸው አላዩትም፤ ዕድሜያቸው ለዚያ አይደርስም። እናት አልተሻገረችም፣ ልጅም አልተሻገረ።

ነጭ ጭራ የሚባሉት የአሜሪካ አጋዘኖችስ?

በረዶ በሚበዛበት ሰሜን ጥድ መሰል ዛፎች ሥር ይሰበሰባሉ። ቅርንጫፉ በረዶውን ይይዝላቸዋል። በአንድ መስመር እየተመላለሱም መሬቱን ይደለድሉታል።

ቅጠል ሲረግፍ ወንዶቹ የሚቅበዘበዙት ለፍልሰት ነው?

አይደለም፣ ሴት ፍለጋ ነው። ሹፌሮች፣ በዚያ ሰሞን ማለዳና ምሽት ላይ ቀስ በሉ።

መሬቴ መተላለፊያቸው ላይ ነው። አጥሬን ላፍርሰው?

ማፍረስ አይጠበቅብህም። ትልልቆቹ ይዘሉታል፤ የሚቸገረው ግልገሉ ነው፣ በታች ሹልክ ማለት ይፈልጋል። የታችኛውን ሽቦ እሾህ በሌለው ቀይርና ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው። የላይኛውን ደግሞ ከአንድ ሜትር ብዙ አታሳልፈው። የላይኞቹ ሁለት ሽቦዎች ከተጠጋጉ የሚዘለው አጋዘን የኋላ እግር መሃላቸው ገብቶ ይጠመዘዛል፤ አራርቃቸው።