ከሥራ ሰዓት ውጪ አከራይ መሆን ይቻላል?

ጠያቂያችን የ27 ዓመት ወጣት ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ጁኒየር አካውንታንት ስትሆን፣ ተቆራርጦ እጇ የሚደርሰው 26,000 ብር ነው። ዱባይ ካለው ወንድሟ ጋር ባጠራቀሙት 1.5 ሚሊዮን ላይ 2 ሚሊዮን ከባንክ ተበድረው ጀሞ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ሊገዙ አስበዋል። ብድሩ በ16 በመቶ ወለድ በ15 ዓመት የሚከፈል ነው። ቤቱን በ18,000 አከራይታ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራዋን ልትለቅ ነው። የጀመረችውን ኤሲሲኤ የተባለ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሙያ ትምህርትም «ለጊዜው» ልታቆም ነው።

እህቴ፣ «ኪራይ መሰብሰብ በወር አንድ ቀን ነው፤ ከሥራዬ ጋር አይጋጭም» ብለሻል። የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላውን እግረ መንገዴን አነሳዋለሁ።

መሰብሰቡማ ዕዳው ገብስ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ቤቱ ድረስ መሄድም የለብሽም። ቀንሽን የሚበላው ሌላው ነው።

ተከራይ የለቀቀበትን ሳምንት አስቢው። ከተከራዩ ጋር ቆመሽ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ ታነሺያለሽ። የመብራት ቆጣሪውን ታነቢያለሽ፤ የካርድ ካልሆነ፣ ሳይከፈል የቀረው ቢል የሚመጣው ቆጣሪው በስሙ ባለው ሰው ላይ ነው። የውሃውም እንደዚያው። የበሩን ቁልፍ ትቀይሪያለሽ፣ ምክንያቱም የድሮው ስንት ቦታ እንደተቀረጸ አታውቂም። ቀለም ቀቢው ሁለት ቀን ይፈልጋል። ደላላው ሰው ይዞ የሚመጣው ደግሞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ «ከሥራ ስወጣ» ብትዪው ሰውዬውን ሌላ ቤት ያሳየዋል። ተከራይ ሲገኝ ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለብሽ። የሚመዘግበው ቢሮ የሚከፈተው አንቺ ቢሮ ስትገቢ፣ የሚዘጋው አንቺ ስትወጪ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ውሃ ነው። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጎርፉ የሚጀምረው ውሃ በሌለበት ቀን ነው። ተከራዩ ጠዋት ቧንቧውን ይከፍታል፤ ጠብ አይልም፤ ሳይዘጋው ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ ውሃው ይመጣል። ሲንኩ ውስጥ ሳህን ካለ ወይም መውረጃው ከተደፈነ ሞልቶ ይፈሳል፤ በሴራሚኩ መገጣጠሚያ ሰርጎ የታችኛውን ጎረቤት ጣሪያ ያበሰብሳል። ተከራዩ ስልክ አያነሳም። የሚደወለው ላንቺ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሒሳብ እየዘጋሽ ነው።

መከላከያው ርካሽ ነው። ቤቱን ከመረከብሽ በፊት ውሃ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ አዙረሽ ሞክሪው። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ አልዞር ይላል፣ ሲያስገድዱትም ይሰበራል፤ እንደዚያ ከሆነ በሻጩ ወጪ ይቀየር። ሮቶ ካለ ክዳኑን ከፍተሽ፣ ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ውሃውን እንደሚያቆም እዪ። መዝጊያው የት እንዳለ ለታችኛው ጎረቤትና ለጥበቃው አሳዪ። ይህን ሁሉ አድርገሽም ቢሆን፣ ቀን ላይ የሚደርስ አንድ ሰው ያስፈልግሻል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

የአንቺ ሙያ ደግሞ ለዚህ ከሁሉም የባሰ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አካውንታንት የራሱ ጊዜ የለውም። የኪራይ ገቢ ግብር የማስታወቂያው ጊዜም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የክረምቱ ዝናብ በረንዳና ጣሪያ የሚፈትሸውም በእነዚሁ ወራት ነው። «ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ» ያልሽው ቅዳሜ በሐምሌ የመሥሪያ ቤትሽ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የ2 ሚሊዮኑ ወርኃዊ ክፍያ ወደ 29,370 ብር ነው፤ ከመጀመሪያው ክፍያ ውስጥ 26,667ቱ ወለድ ነው። ኪራዩ በዓመት 216,000 ነው። አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ፣ የአንድ ወር ኪራይ ደግሞ ለጥገና ቢሄድ፣ በወር ሲካፈል 15,000 ይቀራል፤ ግብሩ ገና አልተነሳም። የጎደለው 14,370 ነው፣ ከደመወዝሽ ከግማሽ በላይ። ጭማሪ አደርጋለሁ እንዳትዪ፦ አዋጁ ጭማሪን የሚፈቅደው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው ልክ ነው። ብዙ የብድር ውሎች ግን ባንኩ ወለዱን እንዲቀይር ይፈቅዳሉ፤ ፈርሚ ሲሉሽ መጀመሪያ ያን አንቀጽ አንብቢ። በዚህ ቤት ገቢ በሦስት ዓመት ሥራ መልቀቅ የሚባል ነገር የለም።

«የጎደለውን ወንድሜ ይሞላል» ብለሻል። እንዲያ ከሆነ ተበዳሪው እሱ ነው፣ ካርታው ግን «ለጊዜው» በአንቺ ስም ሊሆን ነው። ወንድምና እህት የሚካሰሱት በክፋት ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ «ለጊዜው» በምትለው ቃል ነው። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ የወሩን ጉድለት ማን እንደሚሸፍን፣ ቤቱ ሲሸጥ እንዴት እንደምትካፈሉ ጻፉ። መምጣት ካልቻለ ዱባይ ባለው ቆንስላ ውክልና ይስጥ፤ ሰነዱ እዚህ በውጭ ጉዳይና በውልና ማስረጃ በኩል ይረጋገጣል። ሻጩ ራሱ በውክልና ብቻ የሚሸጥልሽ ከሆነ ግን ካርታውን፣ ዕዳና እግዱን ሳታጣሪ ቀብድ እንዳትሰጪ።

እናትሽ «ቤት ያለው አይወድቅም» ይላሉ። እሳቸው የሚያውቁት ዕዳ የሌለበትን ቤት ነው። ወለዱን አስልተሽ አሳዪያቸው፤ ካልተቀበሉሽም ወሩ ሲደርስ ባንኩ የሚደውለው ለእሳቸው አይደለም።

ኤሲሲኤውን አታቁሚ። 13 ፈተና አለው፣ በዓመትም አራት ጊዜ ይሰጣል፤ አንዱን ዙር መዝለል ይቻላል፣ ሦስት ዓመት ተቋርጦ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔን ያኖረኝ ደመወዝና የሙያ ወረቀት ስለሆነ ሚዛኔ ወደዚያ ቢያጋድል እወቂልኝ። ቢሆንም በወር 14,370 እየከፈሉ አከራይነትን ከመማር እየተከፈለሽ መማር ይሻላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስትሽ ሰሚት ላይ የተዘጋ ቤት እንዳላት ጽፈሻል። ውክልና ትላክልሽና አከራዪላት፤ ከየወሩ ኪራይ 10 በመቶ ጠይቂ። ለዘመድ ክፍያ መጠየቅ ያሳፍራል፤ አፍረሽም ቢሆን ጠይቂ። ለእያንዳንዱ ስልክና ምልልስ ስንት ሰዓት እንደሄደ በኤክሴል ያዢ፤ ከመሥሪያ ቤት ያስፈቀድሽበትን ቀን በቀይ አድርጊው። አንድ የሁለት ዓመት ውል ሲያልቅ ያንን ፋይል ይዘሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ስለ ጀሞው እናወራለን። ቁልፉን የተቀበልሽ ቀን ግን ሌላው ሁሉ ይቆይና የውሃውን መዝጊያ አዙሪው።