ከቀለሙ ይልቅ ጉንጩን እዪ

ጥያቄ፦ «የምጽፍልህ ከባሕር ዳር ነው። ዓምና በባዮሎጂ ተመርቄ እስካሁን ሥራ ፈላጊ ነኝ። በቅርቡ ውጭ አገር ለሚሰጥ የነፍሳት ጥናት ሥልጠና አመልክቼ ነበር። ፈተናው የባምብልቢ (ወፍራሟ ፀጉራም ንብ) ፎቶ አይቶ ዝርያዋን መናገር ነው። ከ20ው 7 ብቻ አገኘሁ። ሁሉም ጥቁርና ቢጫ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ይመስሉኛል። ዓይኔ ለዚህ ሙያ አልሆነም ማለት ነው? ትቼው ባንክ ልወዳደር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ባንክ አትወዳደሪ አልልሽም። ደሞዝ ደሞዝ ነው። በዚህ ፈተና ተናደሽ ከሆነ ግን ቆይ በይ።

ባምብልቢ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የለችም። ጣና ዳር ከጠዋት እስከ ማታ ብትቀመጪ አንዷንም አታገኚም። በዓለም ላይ ግን ከ250 በላይ ዝርያዎች አሏት። በሕይወትሽ አይተሻት የማታውቂውን ነገር በስልክ ስክሪን 7 ማግኘትሽ እኔን ገርሞኛል።

የተሳሳትሽበት ቦታ ደብዳቤሽ ላይ አለ። «ሁሉም ጥቁርና ቢጫ» ብለሻል። ቀለም ያታልላል። ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ ያረጀችዋ ደግሞ ፀጉሯ ይረግፋል። ቦምበስ ሆርቶረምና ቦምበስ ዮኔለስ የሚባሉትን ሁለት የባምብልቢ ዝርያዎች ውሰጂ። ሁለቱም ሦስት ቢጫ ቀበቶና ነጭ ጭራ አላቸው። ከፊት ለፊት ስታዪያቸው ግን የሆርቶረም ፊት እንደ ፈረስ ረዘም ያለ ነው፤ የዮኔለስ አጭርና ክብ። ከዓይኗ ግርጌ እስከ መንጋጋዋ ያለችውን ጉንጭ እዪ።

ጉንጭም የማያድንበት ጊዜ አለ። ቦምበስ ተረስትሪስና ቦምበስ ሉኮረም የሚባሉት ዝርያዎች ሠራተኛ ንቦች በዓይን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይለዩም፤ ዲኤንኤ ይጠይቃሉ። ጥሩ ባለሙያ መዝገቡ ላይ «ከሁለቱ አንዷ» ብሎ ይጽፋል። አያፍርም። እኔ ቀጣሪ ብሆን 20ውንም በድፍረት ከገመተ ሰው ይልቅ «እስከዚህ ድረስ አውቃለሁ» ያለውን እወስዳለሁ።

አሁን ወደ ሰፈርሽ እንምጣ። እኔ ራሴ ጣና ዳር ካፌ ተቀምጬ ንብ መጣችብኝ ብዬ ማኪያቶዬን ሱሪዬ ላይ ደፍቻለሁ። ለካ ዝንብ ናት! ክንፏ ሁለት፣ አንቴናዋ ቁራጭ። ንብ አራት ክንፍ አላት። አንቺም ከዚህ ጀምሪ፤ ዝንቧን፣ የማር ንቧን፣ ጣዝማን፣ ደረቅ እንጨት የምትቦረቡረውን ትልቋን ንብ። የማር ንብ ዓይኗ ላይ ሳይቀር ፀጉር አላት፤ በማጉያ መነጽር ታዪዋለሽ። ጣዝማ ትንሽ ናት፣ አትናደፍም፣ ጎጆዋ መሬት ውስጥ ነው። ትልቋ ደግሞ ሆዷ ከላይ ራሰ በራ ነው፣ ያብለጨልጫል።

አያያዙ ቀላል ነው። አበባ ላይ ያለችውን በብርጭቆ ሸፍኚ፣ ከሥር ካርቶን አስገቢ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆዪያት (ቤተሰብሽን አስጠንቅቂ)። ስትደነዝዝ ፊቷን፣ የኋላ እግሯንና ክንፏን ፎቶ አንሺ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስቀምጫት፤ ሞቃ ትሄዳለች። ቀኑን፣ ቦታውንና አበባውን ጻፊ። ይህ ከሌለ ፎቶው ለጥናት ብዙም አይረባም።

ሥራስ ይገኝበታል ወይ? ቲማቲምን አስቢ። አበባው ብናኙን በደንብ የሚያራግፈው ሲንቀጠቀጥ ነው። ነፋስ ይረዳል፤ ባምብልቢ ግን ደረቷን አንቀጥቅጣ ታራግፈዋለች። የማር ንብ ይህን አትችልበትም። ለዚህ ነው አውሮፓውያን ከ1987 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባምብልቢን ለግሪንሃውስ ቲማቲም እያረቡ የሚሸጧት። እንጨት ቦርቧሪዋ ንብም በዚሁ መንገድ ታራግፋለች። ታዲያ ፎገራ ላይ የቲማቲሙን አበባ የሚጎበኘው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከ30 ፎቶ ጋር ይዘሽ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ ያሉ መምህራን ዘንድ ብትሄጂ፣ ባዶ ሲቪ ይዞ ከሚሄደው የተሻለ ትደመጫለሽ። ሆለታ ያለው የንብ ምርምር ማዕከልም ማስታወቂያ ሲያወጣ አይለፍሽ።

በነገራችን ላይ፣ ከእንጨት ቦርቧሪዎቹ በአንዳንዶቹ ሴቷ ጥቁር፣ ወንዱ ቢጫ ስለሆነ ሁለት ዝርያ ይመስላሉ። ቢጫ ካገኘሽ የአንቴናውን አንጓ ቁጠሪ። ወንድ 13፣ ሴት 12 ነው። ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ።