የቻርሊ ዋትስን ታሪክ ከመጀመሪያው አንብበው

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ለንደን፣ ዌምብሌይ ትኖራለህ። ሃሮው ሁለተኛ ዓመት ግራፊክ ዲዛይን ትማራለህ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከጓደኞችህ ጋር በየፐቡ ድራም ትጫወታለህ። አሁን ትምህርቱን አቋርጠህ ሙሉ ጊዜህን ለባንዱ መስጠት አምሮሃል። ለዚህም የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን ድራመር ቻርሊ ዋትስን ምሳሌ አድርገሃል። «እሱም የዲዛይን ሥራውን ባይተው ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?» ትላለህ።

ታሪኩን ከመሃል ነው የጀመርከው።

ዋትስ እ.ኤ.አ. በ1941 ለንደን ተወለደ። ያደገው እዚያው አንተ ሰፈር፣ ዌምብሌይ ነው። አባቱም እንዳንተ አባት ሹፌር ነበሩ፤ ለባቡር ድርጅት የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። ልጁ ባንጆ፣ ማለትም ክብ አካልና ረጅም አንገት ያለው የክር መሣሪያ፣ ገዛና አልወደደውም። አንገቱን ነቅሎ ክቡን አካል ማቆሚያ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ የጃዝ ድራመሩን ቺኮ ሃሚልተንን እየሰማ በብሩሽ ይመታው ጀመር። ወላጆቹ ይህን አይተው ደህና ድራም ገዙለት። እሱ ግን ድራም አለኝ ብሎ ትምህርት አልተወም። ሃሮው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ዲዛይነር ሆኖ ተቀጠረ። ቀን ይሠራል፣ ማታ ክለብ ይጫወታል።

ከስቶንሶቹ ጋር የተዋወቀው በ1962 አጋማሽ ነው። በጣም ፈልገውታል። እሱ ግን እሺ ያለው በጥር 1963 ነው። ደመወዝ የሚያገኝበት ሥራ ነበረው፤ እነሱ ደግሞ የሚከፍሉት አልነበራቸውም። እነዚያን ወራት ነው ከታሪኩ የዘለልካቸው። ለኔ ከሁሉም የሚበልጡት እነሱ ናቸው። ሰውየው ሙዚቃን ከማንም በላይ ይወድ ነበር፤ ግን ባዶ ኪስ ይዞ አልዘለለም።

ዲዛይኑንስ መች ተወው? በ1967 የወጣው አልበማቸው የጀርባ ሽፋን ላይ ያለው ካርቱን የሱ ሥዕል ነው። የጉዞዎቻቸውን መድረክ ሲቀርጹም እጁ ነበረበት። በ1975 ኒው ዮርክ ውስጥ ጋዜጠኞች የባንዱን መግለጫ ሆቴል ደጅ ቆመው ሲጠብቁ፣ ስቶንሶቹ ክፍት የጭነት መኪና ላይ እየተጫወቱ በፊፍዝ አቬኑ ብቅ አሉ። ሐሳቡ የዋትስ ነበር። የድሮ ኒው ኦርሊንስ ጃዝ ተጫዋቾች እንዲህ እንደሚያደርጉ ያውቅ ነበር። አንተ ልትጥለው ያሰብከው ትምህርት እሱን ስንት ዓመት አገልግሎታል!

አጨዋወቱንም እየው፤ ከቪዲዮው ላይ እጁን ብቻ ተከታተል። ብዙ የሮክ ድራመር ቀኝ እጁ ሃይሃቱን፣ በእግር የሚከፈትና የሚዘጋውን ጥንድ የብረት ሳህን፣ ሳያቋርጥ ይመታል። ዋትስ ግን ስኔሩን፣ ከፊቱ ያለውን ትንሽ ከበሮ፣ በመታ ቁጥር ቀኝ እጁን ከሃይሃቱ ላይ ያነሳል። ስኔሩ ብቻውን ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ዘፈኑም ይተነፍሳል። ብዙ ድራመሮች የተማሩት ይህንን ቁጥብነት ነው። ለራሱ የሚጫወት አይመስልም። ባንዱን ይሰማል። እስከ ነሐሴ 2021፣ በ80 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ፣ አብሯቸው ነበር።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልንገርህ። የስቶንስ ዘፈኖች አብዛኞቹ የተመዘገቡት በዘፋኙ በሚክ ጃገርና በጊታሪስቱ በኪት ሪቻርድስ ስም ነው። የደራሲ ክፍያ ለደራሲው ነው፤ ድራመሩ የቱንም ያህል ቢመታ አይደርሰውም። የእናንተን ዘፈኖች ማን እንደሚጽፍ፣ ገቢው እንዴት እንደሚካፈል በወረቀት አስፍራችኋል? በደብዳቤህ ላይ ስለዚህ አንድ ቃል የለም። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ አያስፈልግም እንዳትለኝ። ገንዘብ ሲመጣ የሚጣሉት ጓደኛሞች ናቸው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ዲግሪህን ጨርስ፣ ባንዱንም አትተው። ከተመረቅህ በኋላ ዲዛይን እየሠራህ ማታ ተጫወት። ባንዱ የቤት ኪራይህን በተከታታይ ለወራት መክፈል ሲጀምር ያኔ ልቀቅ። እኔ ራሴ ቀን ማተሚያ ቤት እየሠራሁ ማታ ተምሬ ነው እዚህ የደረስኩት። ይደክማል፤ ግን ይቻላል።

እናትህ «እዚህ ድረስ የተሰደድነው አዝማሪ እንድትሆን ነው?» ማለታቸው አሳዝኖኛል። ሙዚቀኛን ማሳነስ ልክ አይደለም፤ እናት ስለሆኑ ብዬም አላልፈውም። ልምምድ የማይቀር፣ በሰዓቱ የሚገኝ ልጅ ሥራ ፈት አይባልም። የሚፈሩት ስለ ኪራዩ ከሆነ ግን እውነት አላቸው። ያወጣኸውን ዕቅድ ቁጭ ብለህ ንገራቸው፤ አንድ ቅዳሜም ይዘሃቸው ሂድና ስትጫወት ይዩህ።

የተማሪ ብድሩ ብታቋርጥም አይሰረዝም፤ የሚቆረጠው ግን ገቢህ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ ስለሆነ እንቅልፍ አትጣበት። ጎረቤቶችህን እንዳትረብሽ ደግሞ ድምፅ የሚቀንስ የላስቲክ መለማመጃ ፓድ ግዛ።

የባንዱን ስምምነት ረቂቅ ከልጆቹ ጋር ጻፉና ላክልኝ። ከመፈረማችሁ በፊት አነብላችኋለሁ።