የድሮ ቤት ቀለም ልታስፍቁ ነው? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰላም ወሎዬዎች እንዴት ናችሁልኝ! ክረምቱ ሲወጣ ደሴም ኮምቦልቻም ቤት ማሳደስ ስለሚበዛ ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሊድ ስላለበት የድሮ ቀለም ናቸው፣ ሊድ ያው የእርሳስ ብረት ነው፣ ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅና እንዲጠነክር ይጨመርበታል።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የወረስነው የድሮ ቤት አለ፣ በርና መስኮቱ ላይ የተደራረበው የዘይት ቀለም እየተላጠ ነው። ቀቢው በግራይንደር በአንድ ቀን ላጥፋልዎት ይለኛል፣ ልስማማ?

እትዬ በጭራሽ እንዳይስማሙ! ቀለሙ ሳይላጥ በሩ ላይ እስካለ ብዙም አያሰጋም፣ አቧራ ሲሆን ነው ጉዱ፣ ግራይንደር ደግሞ ዱቄት አድርጎት ምንጣፉም አልጋውም ረከቦቱም ላይ ይበትነዋል፣ ከዛ ህፃን እጁን ሲልስ ይገባል ማለት ነው። የአለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን አይታወቅም ነው የሚለው፣ የልጅ አእምሮ ላይ የደረሰ ጉዳት ደግሞ አይመለስም። በእሳት አቃጥሎ ማንሳትም ያው ነው፣ ጭሱ ራሱ መርዝ ነው። ውሃ እየረጨ በእጅ ይፋቅ፣ ቀናት ቢፈጅም ይፍጅ። ያልተላጠውን አይንኩት፣ በላዩ ይቀባበት። ሲከፈት ሲዘጋ የሚፋተገው የመስኮት ጠርዝ ግን ሁሌም አቧራ ያወጣል፣ እንጨቱ ከበሰበሰ እኔ ብሆን መስኮቱን እቀይረዋለሁ።

ጥያቄ፦ ወልድያ ነኝ፣ ቀቢ ስይዝ ምን ብዬ ልጠይቀው?

አሜሪካ ውስጥ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሰራ ቤት ላይ እንዲህ አይነት ስራ የሚሰራ ኮንትራክተር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰርተፍኬት ሊኖረው ግድ ነው፣ እኛ ጋ ግን እንዲህ አይነት ሰርተፍኬት የያዘ ቀቢ እኔ አላጋጠመኝም፣ ስለዚህ ፈታኙ አንተ ነህ ወንድሜ። ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋለህ ወይስ አርጥበህ? ወለሉን በወፍራም ላስቲክ ትሸፍናለህ? ማታ በምን ታፀዳለህ? በመጥረጊያ ካለህ ሌላ ፈልግ፣ መልሱ እርጥብ ጨርቅና ሳሙና ነው። ከተስማማችሁ እነዚህን ውሉ ላይ ፃፉና ቀብድ ስጥ፣ ቀሪውን ፅዳቱን አይተህ ክፈል። ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቀረው ፅዳቱ ነው፣ በርካሽ አትታለል። ደግሞ ለሰውየው አስብለት፣ ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃም፣ ኤን 100 ወይም ፒ 100 የሚባለውን ደቃቅ አቧራ የሚያጣራ ማስክ ግዛለት፣ የስራ ልብሱንም እዛው ቀይሮ ታጥቦ ይሂድ፣ አለበለዚያ አቧራውን ተሸክሞ ለራሱ ልጆች ነው የሚያደርሰው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ፣ እርጉዝ ነኝ፣ ሁለት አመት ልጅም አለኝ፣ ቀለሙ ሲፋቅ ሌላ ክፍል ብንሆን ችግር አለው?

አለው እህቴ፣ አቧራው በር አያግደውም፣ ሊድ ደግሞ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል። ስራውና ፅዳቱ እስኪያልቅ ዘመድ ቤት ሁኑ። ልጅሽ የቀለም ልጣጭ ሲበላ አይተሽው ከሆነ ምልክት ሳትጠብቂ ለሀኪም በግልፅ ንገሪ፣ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ምስር፣ ጎመን፣ ወተት አብዢለት፣ አይረንና ካልሲየም ሲሟላ ሰውነት ሊዱን የሚወስደው ይቀንሳል። አብሽሪ!

ጥያቄ፦ ሐይቅ፣ ቤታችን ጭቃ ነው፣ በኖራ ብቻ ነው የተቀባው።

ኖራው አያሰጋም፣ በርና መስኮቱን ብቻ እዩ።

ጥያቄ፦ አዲስ ቀለም ስገዛስ?

በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ በሀገራችን ቀለም ውስጥ ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) መብለጥ የለበትም፣ ቆርቆሮው ላይ የተፃፈውን አንብቡ፣ ምንም ያልተፃፈበትን ተዉት፣ በተለይ ደማቅ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም ላይ ጠንቀቅ በሉ።

ጥያቄ፦ ፍቅፋቂውን ጓሮ ባቃጥለውስ?

አይቃጠልም፣ አይቀበርም፣ ጓሮም አይደፋ፣ ዶሮ ከለቀመችው እንቁላሏ ውስጥ ይገባል። እንደረጠበ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ጠቅልላችሁ እሰሩና ልጅ የማይደርስበት አስቀምጡ፣ ከዛ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የቀለም ፍቅፋቂ መሆኑን ነግራችሁ አስረክቡ፣ ሳያውቁ በእጃቸው እንዳይበትኑት።