የምሁሩን ቃል በምን እንመዝነው?

ጥያቄ፦ በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ከሦስት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። በ2017 ዓ.ም. ቤታችን ስንት ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንድ ሌሊት አምፖሉ በገመዱ ላይ ሲወዛወዝ፣ በባልዲ ያጠራቀምኩትም ውኃ ከጠርዙ ሲፈስ አይቼ ትንሹን ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ በደረጃው ወረድኩ፤ ጎረቤቱም ሁሉ እስኪነጋ ግቢ ውስጥ ቆሞ አደረ። በማግሥቱ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በቴሌቪዥን ቀርበው ሁኔታውን በእርጋታ ሲያስረዱ ሰማሁ። በዚያው ቀን ግን ራሱን ዶክተር ብሎ የሚጠራ ሌላ ሰው «በዚህ ቀን ከተማዋ ትፈርሳለች» ያለበት ድምፅ በቴሌግራም ደረሰኝ። ሁለቱም ዶክተር ከተባሉ የማንን ልስማ? ምሁራኑስ ጥናታቸውን እርስ በርሳቸው ለመነባበብ ብቻ የሚጽፉት ከሆነ ለእኛ ምን ይረባናል?
የሦስት ልጆች እናት፣ ከቦሌ አራብሳ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ በዚያ ሌሊት ልጆችዎን ይዘው መውረድዎ ከማንም እናት የሚጠበቅ ነውና በፍርሃትዎ አያፍሩበት። ጥያቄዎን ግን በሁለት ከፍለን እንየው።

ዶክተር የሚለው ማዕረግ አንድ ሰው በአንድ ጠባብ የዕውቀት መስክ ለዓመታት ደክሞ መመረቁን የሚመሰክር እንጂ ስለ ሁሉም ነገር እንዲናገር የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። በምጣኔ ሀብት የተመረቀ ሰው የመሬትን ንዝረት አያነብም፤ ንዝረቱን ሲያጠኑ የኖሩት የጂኦፊዚክስ ሊቅም የእርስዎ ሕንፃ ምሰሶ ስንት ፌሮ እንደተቀበረበት ሊነግሩዎ አይችሉም፤ ያንን የሚያውቀው የመዋቅር መሐንዲሱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «የምን ዶክተር?» ብለው ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት ወይም ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ለዕውቀት የሚሰጥ ትልቅ አክብሮት እንደሆነ አምናለሁ።

በአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን የመመዝገብ ሥራ የተጀመረው ትናንት አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ማዕከል የተመሠረተው በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ አገሮች ምድርን በጋራ ያጠኑበት ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በሚካሄድበት ወቅት ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን የመሩት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዊን ከነገሥታት ዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ሳይቀር የጥንቱን መንቀጥቀጥ እየለቀሙ ለትውልድ አቆይተዋል። በ1898 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ከባድ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን፣ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው በሰሜን ሸዋ ማጀቴን አፍርሶ ካራ ቆሬን ክፉኛ መጉዳቱን ዛሬ የምናውቀው እንዲህ ባለ ትጋት ነው። ዛሬም የዚሁ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ፕሮፌሰር አታላይ አየለ፣ በመገናኛ ብዙኃን እየቀረቡ ማብራሪያ ሲሰጡ ተደምጠዋል።

ያን ሌሊት ያስወረድዎ መንቀጥቀጥ መነሻው ከአዋሽ ወዲህና ወዲያ፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ነው። በዚያ የስምጥ ሸለቆው ወለል እየተሰነጠቀ፣ ከሥሩ ቅልጥ አለት በስንጥቁ እየገባ መሬቱን ይገፋዋል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመዘገበው መንቀጥቀጥ በመጠን ወደ 5.7፣ የካቲት 7 ቀን የተመዘገበው ደግሞ ወደ 6.0 ደርሶ ነበር። የመለኪያው ቁጥር በአንድ ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል ወደ 32 እጥፍ ያድጋል። ከዚያ ሥፍራ ወደ አዲስ አበባ ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለሆነም በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ሲወጡ፣ ወደ እርስዎ የደረሰው በመንገድ የደከመ ንዝረት ነበር። ደከመ ማለት ግን አልተሰማም ማለት አይደለም። ሕንፃ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር መወዛወዙ ይጨምራል፤ በከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ ዳርቻ በብዛት እንደሚገኘው ዋልካ ያለ ለስላሳ አፈርም ንዝረትን ከአለት ይልቅ ያጎላል። አምፖሉ ሲወዛወዝና ባልዲዎ ሲፈስ ማየትዎ ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደዚያ ድምፅ እንመለስ። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ማስታወቅ የቻለ ሳይንቲስት እስከ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ቀን ቆርጦ የተናገረው ሰው፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን፣ በዚያች ቃሉ ብቻ ከሳይንስ አጥር ወጥቷል። «አዲስ አበባን ምንም አይነካትም» ብሎ የሚምልልዎትንም እንዲሁ አይመኑት፤ ከተማችን በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ናትና። እውነተኛው ምሁር «ይህ ይበልጥ የሚጠበቅ ነው፣ ይህ ግን ሩቅ ነው» እያለ በሚዛን ይናገራል። በጭንቀት ላለ ሰው እንዲህ ያለው አነጋገር እንደ ማመንታት ይሰማዋል። ነገር ግን «ይህን ያወቅሁት ከዚህ መሣሪያ ነው፤ ከዚህ በላይ ያለውን አላውቅም» የሚል ሰው ከሁሉ ይልቅ ሊታመን ይገባዋል ብዬ ከልቤ እናገራለሁ።

ለቤትዎ የሚጠቅመውን ደግሞ መሐንዲስ ይጠይቁ። የብሎኬቱ ግድግዳ ከምሰሶው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ልስኑ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ቢሰነጠቅ ብዙ ጊዜ የሕንፃው አጥንት ተጎዳ ማለት አይደለም። በራሱ በምሰሶው ወይም በቢሙ ላይ አግድም የተሻገረ ስንጥቅ፣ የተቦረቦረ ኮንክሪት ወይም ወደ ውጭ ያፈጠጠ ፌሮ ካዩ ግን ፎቶ አንሥተው፣ የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ፤ ከዚያም በነዋሪዎች ማኅበራችሁ በኩል ባለሙያ እንዲያየው ያመልክቱ። ምልክቱን አልፎ የሄደ ስንጥቅ ለመሐንዲሱ ከብዙ ቃል የበለጠ ይነግረዋል።

«ለእኛ ምን ይረባናል?» ያሉት ጥያቄ ልቤን ነክቶታል፤ ቅሬታዎም እውነት አለው። አብዛኛው ጥናት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያነቡትም የሙያ ባልደረቦች ናቸው። ጥናቱ በባልደረቦች መፈተሹ ግድ ስለሆነ ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ነገሩ እዚያ ላይ ሲቀር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ለዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎትንም ኃላፊነት አድርጎ ሰጥቷቸዋል። ሕዝብ በጨነቀው ሰዓት ወጥቶ በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ መምህር ውለታ እየዋለልን ሳይሆን ግዴታውን እየፈጸመ ነው፤ ግዴታውን ሲፈጽምም ልናመሰግነው ይገባል። ዝም ያለው ምሁር የተወውን ቦታ የቴሌግራሙ ድምፅ እንደሚሞላው እርስዎ በአንድ ቀን ውስጥ አይተውታል።

ጥያቄ፦ በለገጣፎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ መንቀጥቀጡ የሚጠይቁኝ ከመጽሐፉ በላይ ሆኖብኛል። የዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ትምህርት ቤታችን ድረስ እንዲመጣልን መጠየቅ ይቻላል?
መምህር፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ይቻላል። ደብዳቤውን በትምህርት ቤቱ ማኅተም ለሚመለከተው የትምህርት ክፍል ወይም ተቋም ኃላፊ ይጻፉ፤ ለማኅበረሰብ አገልግሎት ጽሕፈት ቤትም ግልባጭ ያድርጉ። «ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ገለጻ እንዲደረግልን» የሚል ጥቅል ጥያቄ ብዙ አያሠራምና ተማሪዎችዎ በየራሳቸው አንድ አንድ ጥያቄ እንዲጽፉ አድርገው ጥያቄዎቹን ከደብዳቤው ጋር አያይዙ። ስንት ተማሪ እንደሚገኝ፣ ፕሮጀክተር መኖር አለመኖሩንም ያሳውቁ። እንግዳው ሲመጡ በአንዱ ሌሊት መሣሪያው የመዘገበውን የንዝረት መስመር በወረቀት አትመው እንዲያመጡላችሁ ይለምኗቸው፤ ተማሪዎቹ ከእንቅልፋቸው የቀሰቀሳቸውን ንዝረት በጣታቸው እየተከተሉ እንዲያነቡት።