ሃኒሰክሉን አትንቀዪው፣ ቆርጠሽ አባዢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀበና ያለውን ግቢ እስከ ኅዳር መጨረሻ ትለቃላችሁ፤ እናትሽ አጥሩ ላይ ያሳደጉትን የሃኒሰክል ሐረግ ትተሽ መሄድ አልሆነልሽም፤ ሦስት ጊዜ ቆርጠሽ ተክለሽ ሦስቴም ደረቀብሽ፤ አሁን «ከነሥሩ ነቅዬ ልውሰደው?» ብለሻል። አትንቀዪው። ገና መስከረም ነው፣ ጊዜ አለሽ።

እኔ ነቅዬ አይቼዋለሁ። በ2016 መጋቢት ላይ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ የነበረውን ቤታችንን ስንለቅ፣ እማዬ በልጅነቴ የተከለችውን ሐረግ ሁለት ጎረምሶች ግማሽ ቀን ቆፍረው አወጡልን። ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልለን ልደታ ኮንዶሚኒየም አመጣነውና በርሜል ውስጥ ተከልነው። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ዘንጉ እንደ ማገዶ ቀጭ ይል ጀመር። ውኃ የሚጠጡት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት ጫፍ ጫፉ ላይ ነው፤ እነሱ እዚያው ተበጥሰው ቀሩ፣ ላይ ያለው ቅጠል ግን እንደ ድሮው ውኃ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ወሩ መጋቢት፣ ፀሐዩ የሚያነድ።

ዛሬ በረንዳዬ ላይ የሚያብበው ያው የእማዬ ሐረግ ነው፤ የተገኘው ግን ከጆንያው አይደለም። ከዓመታት በፊት ስድስት ኪሎ ለሚኖሩ የዕድር ጓደኛዋ ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጥታ ነበር። እሳቸው ዘንድ ሄጄ ቆርጬ አመጣሁ። ከቁራጭ የሚበቅል ተክል ከዘር እንደሚበቅለው አይደለም፤ ያው ራሱ ነው፣ አበባውም ሽታውም አይለወጥም። ስለዚህ ሥሩን ትተሽ ብትወጪም የእናትሽን ሐረግ ይዘሽ ነው የምትወጪው።

ፎቶ ስላልለጠፍሽ አንድ ነገር አጣሪ። ችግኝ ሻጮች ነጭ አበባ ያለውንና የሚሸትተውን ሐረግ ሁሉ ጃዝሚን ሲሉት ሰምቻለሁ። ሃኒሰክል ቅጠሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ አበባው እንደ ቀጭን ጥሩንባ ረጅም ሆኖ ጫፉ እንደ ከንፈር ለሁለት ይከፈላል፤ ሲፈነዳ ነጭ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ወደ ቢጫ ይዞራል። አንድ ዘንግ ላይ ነጩንም ቢጫውንም አብረሽ የምታዪው ለዚህ ነው፤ ቻይናውያንም «የወርቅና የብር አበባ» ይሉታል። ስትቆርጪው ነጭ ወተት ከወጣው ግን ሃኒሰክል አይደለም፣ ኮከብ የሚመስል አበባ ያለው ሌላው ሐረግ ነው። ሽታው የሚበረታው አመሻሽ ላይ ነው፤ የሚፈልገው የእሳት እራትን ስለሆነ። ልጆች ሆነን ደግሞ የአበባውን ታች ቆንጥረን መሐሉ ያለችውን ክር ስንስብ የምትወጣውን ጠብታ እንልስ ነበር። ፍሬው ላይ ግን ልጆች እንዳይደርሱ ጠብቂ፤ ጥቁሯ ፍሬ አትበላም፣ ሆድ ታውካለች።

አሁን ወደ ደረቀብሽ ነገር። «ለምለም ለምለሙን ጫፍ ቆርጬ መደቡ ላይ ሰካሁት» ብለሻል። ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሁለት ነው።

አንደኛው እንጨቱ ነው። ለምለሙ ጫፍ ገና ውኃ ብቻ ስለሆነ ሥር ሳያወጣ ይጠወልጋል። ግራጫ ልጣጭ ያበጀው የድሮ ግንድ ደግሞ ሥር ለማውጣት ይዘገያል፣ ብዙ ጊዜም ተስፋ ያስቆርጣል። የምትፈልጊው የመካከሉን ነው፤ ዘንድሮ ክረምት ላይ ያደገ፣ ጫፉ አሁንም አረንጓዴ የሆነ፣ ታቹ ቡናማ መምሰል የጀመረ፣ ስታጎብጪው የማይሰበር ግን እጅሽን ገፍቶ የሚመለስ። ውፍረቱ ከክብሪት እንጨት የበለጠ፣ ከእርሳስ ያነሰ። አጥሩ ላይ ፀሐይ ከማይደርስበት ከውስጡ በኩል ፈልጊ፣ አታጪም።

ስትቆርጪ አንጓውን፣ ቅጠሎቹ የሚወጡበትን መገጣጠሚያ፣ ተመልከቺ። የሃኒሰክል ዘንግ በአንጓና በአንጓ መካከል ውስጡ ባዶ ነው፣ እንደ ሸምበቆ። መካከሉ ላይ ከቆረጥሽው ውኃ ይገባና ከታች መበስበስ ይጀምራል። መካከሉን ቆርጠው የሚያበቅሉ አሉ፤ በእኔ እጅ ግን በዚያ መንገድ ከተከልኳቸው 12 የጸደቁት 3 ብቻ ነበሩ። ከአንጓው ሥር፣ ጥፍር በማታህል ርቀት ላይ በተሳለ መቀስ ስቆርጥ ግን ከ12ቱ 9 እና 10 ይጸድቁልኛል። ሥሩ በቶሎ የሚወጣው ከአንጓው ነው። ርዝመቱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው። የታቹን ቅጠል አራግፊ፣ ከላይ አንድ ጥንድ ተዪ፣ ቅጠሉ ሰፊ ከሆነ በግማሹ ቁረጪው። እምቡጥ ካለው ሳታዝኚ አንሺው፤ ጉልበቱን ለሥር እንጂ ለአበባ እንዲያውለው አንፈልግም። ጠዋት ማልደሽ ቁረጪ፣ እስክትተክዪ ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዪው።

ሁለተኛው አየሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሥር የሌለው ቁራጭ ውኃ የሚያጣው በቅጠሉ ነው፣ አፈሩን ስላጠጣሽው ብቻ አይድንም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐዩ ይከራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሜዳ ላይ የተሰካ ቁራጭ ይህን አይችለውም። ስለዚህ ቤት ሥሪለት። ትልቁን የሃይላንድ ላስቲክ ታቹን ቆርጠሽ አውጥተሽ እንደ ክዳን ድፊበት። ክዳኑ ውስጥ ላብ ካየሽ ደህና ነው። ቡሹን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዘግተሽ፣ በየሁለት ቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ክፈቺው፤ ካልተነፈሰ ይሻግታል። የሚቀመጥበት ቦታ ብርሃን ያለው፣ የቀን ፀሐይ ግን የማያገኘው ይሁን። እኔ በረንዳዬ ላይ ልብስ ማስጫው ሥር አስቀምጬ ነው የሚሆንልኝ።

አፈሩ ቀላል ይሁን፤ ግማሽ የታጠበ አሸዋ፣ ግማሽ በወንፊት የተነፋ የቆየ ኮምፖስት። ትኩስ ፍግ አታድርጊ፣ ያቃጥለዋል። የግቢውን ጥቁር አፈርም ለብቻው አትጠቀሚ፤ ውኃ ይዞ ያበሰብሳል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። የዕቃው ቂጥ በጋለ ምስማር ይበሳ። አፈሩ በጣትሽ ሲነካ እርጥብ፣ ሲጨመቅ ግን የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ውኃ በፈረቃ ከሆነባችሁ በጀሪካን ያደረው ይሻላል። የሥር ማውጫ ዱቄት አልተጠቀምኩም፤ እሬት ቀብቼም ሳልቀባም ሞክሬ ልዩነት አላየሁበትም። ብርጭቆ ውኃ ውስጥም ሥር ያወጣል፣ ነገር ግን ያ ሥር ስስ ስለሆነ ወደ አፈር ሲዛወር ግማሹ ሞቶብኛል።

ከዚያ ተዪው። «ይዞ ይሆን?» እያልሽ እየነቀልሽ አትዪ፤ ፀጉር የምታህለው ሥር እሷው ናት የምትበጠሰው። በእኔ ቤት አምስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። አዲስ ቅጠል ማውጣቱ ብቻ ምልክት አይደለም፣ ባለው ስንቅም ያወጣል። በቀስታ ሳብ ስታደርጊው አልመጣም ካለ ይዟል። ያኔ ቡሹን ለአንድ ሳምንት ከፍተሽ ተዪው፣ ከዚያ ላስቲኩን አንሺና ለየብቻ በፖሊቲን አዛውሪያቸው። ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ ለምለሙን ይወዳል፤ ሳሙና በገባበት ውኃ እጠቢው፣ ይለቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለአንቺ የምመክረው ሌላ መንገድ አለ፤ ጎን ለጎን ዛሬውኑ ጀምሪው። ከአጥሩ ታች ወደ መሬት የወረደ ረጅም ዘንግ ፈልጊ፣ ሳትቆርጪው። አፈር የሞላ ፖሊቲን ወይም የቀለም ባልዲ ከሥሩ አስቀምጪ። አንዱን አንጓ ከታች በኩል በምላጭ ትንሽ ፋቂው፣ አጎንብሰሽ አፈሩ ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሪው፣ በሽቦ ያዢው፣ ድንጋይ ጫኚበት፤ ጫፉ ወደ ላይ ይውጣ። እናቱ ግንድ እየመገበችው ስለሆነ አይጠወልግም። ባልዲው እንዳይደርቅ ብቻ ጠብቂ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ሥር ይኖረዋል፤ ከግንዱ በኩል ቁረጪው፣ ባልዲሽን አንሥተሽ ሂጂ። አራት አምስት ባልዲ ከደረደርሽ ቢያንስ ሁለት ሦስቱ አያሳፍሩሽም።

የተረፈውን ቅርንጫፍ ግን ወንዙ ዳር አትጣዪው። ይህ ሐረግ መሬት በነካበት ሁሉ ሥር ይሰዳል፤ በምሥራቅ አሜሪካ ከአትክልት ቦታ አምልጦ ጫካ ወርሮ ዛፍ አንቆ አስቸግሯቸዋል። ፀሐይ ላይ አድርቀሽ አቃጥዪው።

ቁራጮቹን 20 አድርጊያቸው፣ ሁሉንም ግን አንድ ቦታ አታስቀምጪ። ቤት ስትቀይሪ በዕቃ መሐል የሚሆነው አይታወቅም። አምስቱን ለእኔ አምጪልኝ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ ካሰርሻቸው ከቀበና ልደታ እስክትደርሺ ምንም አይሆኑም። ከእማዬው አጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ስምሽንም እጽፍባቸዋለሁ። አዲሱ ቤት ገብተሽ ስትረጋጊ መጥተሽ ትወስጃቸዋለሽ።